ሳይገለጡ የተነበቡ መጻሕፍት

ያለፈውን ዘመን ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የጽሕፈትን ምስክርነት ነው። ሕንጻው ቢፈርስ፣ ከተማው ቢቀበር፣ የነገሥታቱ ስም ቢረሳ እንኳ አንድ መጽሐፍ ከጥፋት ከተረፈ የዘመኑን ሰው ሐሳብ ከራሱ አንደበት የሰማን ያህል ይሆንልናል። ነገር ግን መጽሐፉ ተርፎ፣ በእጃችንም ገብቶ ሳለ ልናነበው ባንችልስ? ብንገልጠው የሚጠፋ፣ ካልገለጥነው ደግሞ የማይነበብ መጽሐፍ ቢገጥመንስ? በኢጣልያ አገር በኔፕልስ ከተማ የተቀመጡትን የሄርኩላኒየም መጻሕፍት የሚመረምሩ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ሲጨነቁበት የኖሩት ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ በቅርብ ዓመታት መገኘት ጀምሯል፤ የተገኘበትም መንገድ ስለ ታሪክ ማስረጃ ለሚያስብ ሁሉ ብዙ የሚያነጋግር ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለማተት እንሞክራለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምናመለክተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ79 ዓ.ም. በኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የሚገኘው ቬሱቪየስ የተባለው ተራራ በእሳተ ገሞራ ፈነዳ። ስለዚህ መዓት የዐይን ምስክርነቱን የተወልን ታናሹ ፕሊኒ ነው፤ አጎቱ ታላቁ ፕሊኒ በዚያው መዓት እንዴት እንደ ሞተ ለታሪክ ጸሐፊው ለታኪቱስ በላካቸው ደብዳቤዎች ተርኮታል። የፖምፔይ ከተማ ስም በዓለም ሁሉ ስለ ታወቀ ብዙ አናትትም። የእኛ ጉዳይ ከፖምፔይ ታናሽ ከሆነችው ከሄርኩላኒየም ጋር ነው። በዚህች የባሕር ዳር ከተማ ላይ የወረደው እጅግ የጋለ የዐመድና የጋዝ ጎርፍ ሲሆን፣ ረግቶ በጠነከረ ጊዜ ከተማዪቱን በብዙ ስፍራ እስከ ሃያ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ቀብሯታል።

ከከተማዪቱ ጥቂት ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ የባለጸጋ ቤት ነበር። ብዙዎች ሊቃውንት ቤቱ የዩልየስ ቄሳር አማት የነበረው የሉክየስ ካልፑርኒየስ ፒሶ እንደ ነበረ ይገምታሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። መጻሕፍቱም እንደ ዛሬው በገጽ የተጠረዙ ሳይሆኑ በፓፒረስ ላይ ተጽፈው የተጠቀለሉ ነበሩ። ፓፒረስ ማለት የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁታል፤ ግብጻውያን የዚህን ተክል ግንድ በስሱ እየሰነጠቁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አጋድመው እየጨፈለቁ ወረቀት ያደርጉት ነበር። ያ የጋለ ጎርፍ በቤቱ ላይ ሲደርስ መጻሕፍቱን እንደ ተለመደው እሳት አንድዶ ዐመድ አላደረጋቸውም። ከሰል አክሳይ እንጨቱን አፈር አልብሶ አየር ሲከለክለው እንጨቱ ነድዶ በማለቅ ፈንታ ከሰል ሆኖ እንደሚቀር፣ እነዚህም ጥቅሎች አየር በሌለበት ትኩሳት ተጠብሰው ከሰል ሆኑ። በኢጣልያ የአየር ጠባይ ፓፒረስ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ በስብሶ ስለሚጠፋ፣ ያጠፋቸው መዓት ራሱ ጠባቂያቸው ሆነ ማለት ነው።

ቤቱ የተገኘው በ1750 ዓ.ም. ጉድጓድ ሲቈፈር ነው። የኔፕልስ ንጉሥ የቡርቦን ወገን ቻርልስ ቁፋሮውን ሲያሠራ፣ ካርል ቬበር የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ከምድር በታች ዋሻ እያስቈፈረ የቤቱን ፕላን አነሣ፤ የዚህ ሰው ፕላን እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግላል። በ1752 ዓ.ም. ከጥቅሎቹ የመጀመሪያዎቹ ወጡ። ቈፋሪዎቹ ግን መጽሐፍ መሆናቸውን አላወቁም፤ የተቃጠለ ግንድ ቢጤ መስሏቸው ነበር፤ ምን ያህሉ እንደ ከሰል ተጥሎ እንደ ቀረም ሊታወቅ አይችልም። በኋላ አንዱ ተሰብሮ በውስጡ ፊደል ሲታይ ነገሩ ተገለጠ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ የችኰላና የትዕግሥት ታሪክ ነው። የንጉሡ ቤተ መዘክር ጠባቂ የነበረው ካሚሎ ፓዴርኒ ጥቅሎቹን በቢላዋ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ መሐሉን እየፋቀ ያወጣ ነበር። በዚህ ዐይነት አንድ ገጽ ሲታይ የቀድሞው ገጽ ይጠፋ ነበር። ቀጥሎ በ1753 ዓ.ም. ከቫቲካን ቤተ መጻሕፍት አንቶንዮ ፒያጆ የተባለ ካህን ተጠርቶ መጣ። ፒያጆ ጥቅሉን በሐር ክር የሚያንጠለጥል መሣሪያ ሠራ፤ በጀርባው ስስ የእንስሳ ሽፋን እየለጠፈ፣ በቀን ከጣት ወርድ ያነሰ እየፈታ ሲሠራ አንዱን ጥቅል ለመፍታት ዓመታት ይፈጅበት ነበር። በዚህ መንገድ የተፈታው የመጀመሪያው መጽሐፍ የፊሎዴሞስ «ስለ ሙዚቃ» የተባለው ድርሰት ሲሆን፣ ታትሞ የወጣው በ1793 ዓ.ም. ነው። ከጥቅሉ መገኘት እስከ መጽሐፉ መታተም አርባ ዓመት አለፈ። የዚህን ካህን ስም በአክብሮት ማንሣት ይገባል ብለን እናምናለን፤ መሣሪያው ከእርሱ ዕረፍት በኋላ እንኳ ለመቶ ዓመት ያህል የሚተካው አልተገኘለትም።

ፊሎዴሞስ ማነው ለሚል አንባቢ፣ በዮርዳኖስ ማዶ ከነበረችው ከጋዳራ ከተማ የመጣ፣ የኤጲቁሮስን ፍልስፍና የሚያስተምር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት በኢጣልያ የኖረ ሰው ነው። ከተፈቱት ጥቅሎች አብዛኞቹ የእርሱ ድርሰቶች ሆነው ተገኝተዋል። አንዳንድ ሊቃውንት የጠፉትን የአሪስቶትልን ውይይቶች ወይም የሳፎን መዝሙሮች ተስፋ ሲያደርጉ ኑረው የአንድ መካከለኛ ፈላስፋ መጻሕፍት ብቻ ቢወጡ ቅር ማለታቸው አልቀረም። ለእኛ ግን ይህ ቅርታ ተገቢ አይመስለንም። የታላላቆቹን መጻሕፍት ከመቶ ዓመት ወደ መቶ ዓመት ሲገለብጡ የኖሩት ሰዎች መርጠው አስተላልፈውልናል፤ ከምርጫው ውጭ የቀረውን፣ የዕለት ተዕለቱን ክርክርና ትምህርት የምናገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ጥቅሎቹ ከጊዜ በኋላ የነገሥታት ገጸ በረከት ሆኑ። በ1802 ዓ.ም. ስድስት ጥቅሎች ለናፖሌዎን ቦናፓርት ተሰጥተው በፓሪስ በፈረንሣይ ኢንስቲትዩት ተቀመጡ። ሌሎች አሥራ ስምንት ደግሞ ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ተሰጡ፤ እንደሚነገረው በምላሹ የተላኩት ካንጋሩዎች ነበሩ። ከእንግሊዝ ድርሻ አንዳንዶቹ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1819 ዓ.ም. ስመ ጥሩው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ ወደ ኔፕልስ ሄዶ በኬሚካል ለመፍታት ሞከረ፤ ብዙም አልተሳካለትም። በ1980ዎቹም ከፓሪሶቹ ሁለቱ ለመፈታት ወደ ኔፕልስ ተወስደው በብዙ ቍራጭ ተሰባበሩ። እነዚህን ቍራጮች አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ ያስፈልጉናልና።

እንግዲህ ከ1,800 በላይ ቍጥር ተሰጥቷቸው ከተመዘገቡት ጥቅሎችና ቍራጮች መካከል በመቶ የሚቈጠሩት እንደ ተዘጉ ቀሩ። አንዳንዶቹ እንደ ተጨመቀ ቆሎ ተኰማትረዋል፤ አንዳንዶቹ ጠፍጥፈዋል። ሊፈታቸው የሚደፍር ጠፋ። ጥቅሎቹን ያዳናቸውም ይህ ተስፋ መቍረጥ ነው።

በአሜሪካ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ አስተማሪ የሆኑት ብሬንት ሲልስ ሌላ መንገድ አሰቡ። ሐኪም የሕመምተኛውን ሆድ ሳይቀድ በራጅ ውስጡን እንደሚያይ፣ ጥቅሉንም ሳይነኩ ውስጡን በራጅ ማንሣት፣ ከዚያም የተጠቀለለውን ገጽ በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ መዘርጋት ነው። የዚህ ሐሳብ ታላቅ ፍሬ በመጀመሪያ የታየው በሙት ባሕር ዳር በኤንገዲ ነው። በ1970 ዓ.ም. በዚያ በጥንታዊ ምኵራብ ውስጥ ተቃጥሎ የተገኘ የብራና ጥቅል ነበር፤ ማንም ሊነካው ስላልቻለ ለአርባ ዓመት ያህል በሣጥን ተቀመጠ። በ2015 ዓ.ም. የሲልስ ቡድን ከራጅ ሥዕሉ ላይ ብራናውን ሲዘረጋው የኦሪት ዘሌዋውያን መጀመሪያ ሆኖ ተነበበ። የኤንገዲ ጽሕፈት በራጅ የታየው ቀለሙ ብረት ነክ ነገር ስላለበት ነው፤ እንዲህ ያለው ቀለም በራጅ ላይ አጥንት እንደሚታይ ደምቆ ይወጣል።

የሄርኩላኒየም ቀለም ግን እንዲህ አይደለም። የተሠራው ከጥላሸትና ከሙጫ ነው። የእኛ አገር ጸሐፍት ከጥላሸት ቀለም ሲበጠብጡ ያየ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ይረዳል። ጥላሸት ከሰል ነው፤ ወረቀቱም ከስሎ ከሰል ሆኗል። ከሰል በከሰል ላይ ሲጻፍ በራጅ ዐይን አንዱ ከሌላው በምን ይለያል? ሲልስና ጓደኞቻቸው በ2009 ዓ.ም. ከፓሪሶቹ ጥቅሎች ሁለቱን በራጅ ባነሡ ጊዜ የተጠቀለለው ገጽ እንደ ዛፍ ቀለበት ተደራርቦ በግልጽ ታየ፤ ፊደል ግን አንድም አልታየም።

የሚበልጥ ብርሃን ያስፈልግ ነበር። በ2019 ዓ.ም. ጥቅሎቹ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድሺየር ወደሚገኘው ዳይመንድ ወደ ተባለው ድርጅት ተወሰዱ። ይህ ድርጅት ኤሌክትሮኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት በሚጠጋ ፍጥነት በትልቅ ክብ ውስጥ እያዞረ እጅግ ኀይለኛ የራጅ ጨረር ያወጣል። በዚህ የተነሣው ሥዕል ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ የሚያንስን ነገር ይለያል። ከተዘጉት ጥቅሎች ጋር እነዚያ የተሰባበሩ ቍራጮች አብረው ተነሡ። የነገሩ ምስጢር ያለው በዚህ ላይ ነው። በቍራጮቹ ላይ ያለው ጽሕፈት በኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ ሲነሣ ለዐይን ይታያል። ስለዚህ ለአንድ ቍራጭ ሁለት ሥዕል ተገኘ፤ አንደኛው ፊደሉ የሚታይበት፣ ሁለተኛው በራጅ የተነሣና ፊደሉ ያለበት ግን ለሰው ዐይን የማይታይበት። የተሰበሩት ላልተሰበሩት መምህር ሆኑ።

በዚህ ስፍራ ኮምፒዩተር የሚማርበትን ዘዴ፣ በውጭ አገር ቋንቋ ማሽን ለርኒንግ የሚባለውን፣ በጥቂቱ ማስረዳት አለብን። ኮምፒዩተር በተለመደው ሥራው ሰው የጻፈለትን ትእዛዝ ደረጃ በደረጃ ይፈጽማል። በዚህ ዘዴ ግን ትእዛዙ ተዘርዝሮ አይሰጠውም፤ ምሳሌ ይሰጠዋል። የኔታ ለሕፃን ፊደል ሲያስቈጥሩ የ«ሀ» እግር ስንት ዲግሪ እንደሚያጋድል አይነግሩትም፤ በስንደዶ እያመለከቱ ያሳዩታል፤ ሲሳሳት ያርሙታል፤ ሕፃኑም ከብዙ መደጋገም በኋላ በማንኛውም ጸሐፊ እጅ የተጻፈውን «ሀ» ያውቀዋል። ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ የራጁን ቅንጣት ሥዕል እየተመለከተ «ይህ ቀለም ነው» ወይም «ቀለም አይደለም» ይላል፤ መልሱ ከኢንፍራሬዱ ሥዕል ጋር እየተስተያየ ይታረማል። ይህ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም በውስጡ ያሉት ቍጥሮች ቀስ በቀስ ይስተካከላሉ፤ በመጨረሻም የሰው ዐይን ያላስተዋለውን የልዩነት ምልክት ለይቶ ያውቃል። የሲልስ ቡድን በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ይህ እንደሚቻል አሳየ። በቍራጭ ላይ የሠራው ዘዴ በተዘጋ ጥቅል ላይ መሥራቱ ግን ገና አልተረጋገጠም ነበር።

በመጋቢት 2023 ዓ.ም. ሲልስ ከናት ፍሪድማንና ከዳንኤል ግሮስ ጋር ሆነው የራጁን ሥዕል ሁሉ ለዓለም ገልጠው የሽልማት ውድድር አወጁ። የጥንት መጻሕፍት ምርመራ በሽልማት ገንዘብ ሲካሄድ ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር መስሎ ታይቶናል፤ ሊቅነት የፈረስ ግልቢያ አይደለምና። ይሁን እንጂ ውድድሩን የሚያስመሰግን አንድ ሕግ ነበረው። በየደረጃው የሚሸለም ሰው ዘዴውን ለሁሉ እንዲገልጥ ይገደድ ነበር፤ ስለዚህ የአንዱ ድል ወዲያው የሁሉ ሀብት ሆነ። ብዙ ሊቃውንት በጓዳቸው ቈልፈው ከሚይዙት ማስረጃ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የመጀመሪያውን እርምጃ ያደረገው ግን ኮምፒዩተር አልነበረም። ኬሲ ሃንድመር የተባለ ሰው የጥቅሉን ሥዕል በገዛ ዐይኑ ለረጅም ሰዓት ሲመለከት ቆይቶ በአንዳንድ ስፍራ የደረቀ ጭቃ ሲሰነጣጠቅ የሚመስል ምልክት አየ። ቀለሙ በወረቀቱ ላይ ደርቆ የፈጠረው ስስ ቅርፊት ነበር። ከዚህ በኋላ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት የሆነው የነብራስካ ተማሪ ሉክ ፋሪተር ያንን ስንጥቅ እንደ ምሳሌ አድርጎ ኮምፒዩተሩን አስተማረ፤ ኮምፒዩተሩ ጥቂት ተጨማሪ ጭረት ሲያገኝ እርሱንም ጨምሮ እንደገና አስተማረው። በጥቅምት 2023 ዓ.ም. ከ79 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ካላየው ገጽ አንድ የግሪክ ቃል ወጣ፤ «ፖርፊራስ» የሚል ነበር፤ ትርጓሜውም ሐምራዊ ቀለም ወይም ሐምራዊ ልብስ ማለት ነው። ፋሪተር 40 ሺህ ዶላር ተሸለመ። በበርሊን የሚማረው የግብፅ ተወላጅ ዩሱፍ ናደር ያንኑ ስፍራ በሌላ ዘዴ ይበልጥ አጥርቶ ስላወጣ 10 ሺህ ዶላር ተሰጠው።

ዋናው ሽልማት እያንዳንዳቸው 140 ፊደል ያላቸው አራት ክፍሎች ከእያንዳንዱ ቢያንስ 85 ከመቶው የሚነበብ ሆነው እንዲወጡ ይጠይቅ ነበር። በየካቲት 2024 ዓ.ም. ናደር፣ ፋሪተርና ጁሊያን ሺሊገር የተባለው የስዊስ ተማሪ በአንድነት 700 ሺህ ዶላር ተሸለሙ። ያወጡት ግን ከተጠየቀው እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ከ15 ዐምድ ላይ ከ2,000 በላይ ፊደል አወጡ። ይህም ሁሉ ከመላው ጥቅል አምስት ከመቶ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ዜና ላይ ስማቸው ጎልቶ ያልተነሣ ሰዎችም ነበሩ። ኮምፒዩተሩ ቀለሙን ከመፈለጉ በፊት በመቶ ጊዜ የተጠቀለለውን ገጽ፣ አንዱ ድርብ ከሌላው የተጣበቀበትን እየለዩ በራጁ ሥዕል ላይ መሥመሩን በእጅ የተከተሉ ሠራተኞች ነበሩ። የካህኑ የፒያጆ ሥራ በሌላ መልክ ቀጠለ ማለት ይቻላል።

አሁን የታሪክ ሰው ሊጠይቀው ወደሚገባው ጥያቄ ደረስን። ይህ ምስክር ይታመናልን? ማንም ሰው ጥቅሉን ከፍቶ ሊያመሳክር አይችልም። በሥዕሉ ላይ የምናያቸው ፊደላት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በጸሐፊ እጅ የተጻፉ ናቸው ወይስ ኮምፒዩተሩ ግሪክኛ አጥንቶ የፈጠራቸው ናቸው? ጥያቄው የከንቱ ጥርጣሬ አይደለም። አንድ ሊቅ ዳዊትን በቃሉ ይደግማል እንበል። ጽሕፈቱ የተፋቀ ብራና ብታቀርቡለት ያለ ማመንታት ያነበዋል። ነገር ግን ያነበበው ዐይኑ ነው ወይስ ትዝታው? ብራናው ላይ ጸሐፊው አንዲት ቃል ለውጦ ቢሆን ኖሮ ያ ሊቅ ላያያት ይችላል። ብዙ የሚያውቅ አንባቢ ለተፋቀ ጽሕፈት አደገኛ ምስክር ነው።

የሄርኩላኒየም ሠራተኞች ይህን አደጋ አስቀድመው ዐስበውበታል። ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ የሚያየው ቦታ ከአንድ ፊደል ያነሰ እንዲሆን አደረጉ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ግሪክኛ አያውቅም፤ «አልፋ» ምን እንደሚመስል እንኳ አያውቅም፤ የሚያውቀው በዚህች ነጥብ ላይ ቀለም መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ነጥቦቹ ተሰብስበው ፊደል ሲሆኑ፣ ፊደሎቹም ቃል፣ ቃሎቹም በሰዋስው የታረመ ዐረፍተ ነገር ሲሆኑ ማስረጃው ከራሱ ይወጣል፤ ቋንቋ የማያውቅ መሣሪያ በአጋጣሚ ትክክለኛ ግሪክኛ ሊጽፍ አይችልምና። ከዚህም በላይ በልዩ ልዩ አሠራር የተዘጋጁ ኮምፒዩተሮች ስለ አንድ ስፍራ ተመሳሳይ ሥዕል ሰጥተዋል። ንባቡ ራሱ የተፈጸመው በሰው ነው፤ የኔፕልስ ዩኒቨርሲቲዋ ፌዴሪካ ኒኮላርዲና ሌሎች የፓፒረስ ሊቃውንት እያንዳንዱን ፊደል መርምረው የሚያጠራጥረውን በነጥብ እያመለከቱ ጽፈውታል። ማየትና ማንበብ በሁለት እጅ እንዲለያዩ መደረጋቸው ለእኛ ከሽልማቱም ከራጁም የሚበልጥ ጥበብ ሆኖ ይታየናል።

በአንጻሩ ሆን ብሎ የሚገምት ሌላ መሣሪያ አለ። በ2022 ዓ.ም. ያኒስ አሳኤልና ቴያ ሶመርሺልድ ከጓደኞቻቸው ጋር «ኢታካ» የተባለውን አቀረቡ። ይህ ኮምፒዩተር ወደ 78 ሺህ የሚጠጋ የጥንት የግሪክ የድንጋይ ጽሕፈት ተምሯል። ሥራው ቀለም መፈለግ አይደለም፤ ድንጋዩ ተሰብሮ የጠፋውን ቃል ከቀረው ላይ መገመት፣ ጽሕፈቱ የት አገርና በየትኛው ዘመን እንደ ተቀረጸ መገመት ነው። ማለት ዳዊትን በቃሉ እንደሚደግመው ሊቅ ነው። ሠሪዎቹ ለፈተና ሆን ብለው ከጽሕፈቱ ላይ ፊደላት ደብቀው ሲያስሞሉ፣ ኢታካ ብቻውን 62 ከመቶ አገኘ፤ የታሪክ ሊቃውንት ብቻቸውን 25 ከመቶ አገኙ፤ ሊቃውንቱ የኢታካን ግምት እያዩ ሲሠሩ ግን 72 ከመቶ ደረሱ። ኢታካ አንድ መልስ ብቻ ሰጥቶ ዝም አይልም፤ ብዙ ግምቶችን ከነሚዛናቸው ዘርዝሮ ያቀርባል፤ መራጩ ሰው ነው። የአቴና ሕዝብ ጉባኤ ያወጣቸው አንዳንድ ዐዋጆች በፊደሎቻቸው ቅርጽ ምክንያት ከ446 ዓመት ቅድመ ልደት በፊት ናቸው ሲባል ኑሯል፤ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ከዚያ በኋላ ናቸው ብለው ብዙ ተከራክረዋል። ኢታካ ለእነዚህ ዐዋጆች የሰጠው ዘመን በአማካይ 421 ዓመት ቅድመ ልደት ነው፤ የኋለኞቹን ወገን ደገፈ ማለት ነው። ይህ ግን እንደ አንድ ተጨማሪ ሊቅ ድምፅ እንጂ እንደ ፍርድ ሊቈጠር አይገባም።

እንግዲህ «ኮምፒዩተር እንዲህ አለ» የሚል ጽሑፍ ለሚያነብ ተማሪ የምናቀርብለት አንድ ጥያቄ ይህ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ያየ ነው ወይስ የገመተ? ያየ ከሆነ ምን ያህል ስፋት አየ? የገመተ ከሆነ ከምን ተምሮ ገመተ? በፍርድ ሸንጎ ያየና የሰማ ምስክር እኩል እንደማይደመጡ ሁሉ በታሪክም እንዲሁ ነው። ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። የግዕዝንና የአማርኛን የእጅ ጽሕፈት ለኮምፒዩተር የማስተማር ሥራ በልዩ ልዩ ተመራማሪዎች ተጀምሯል። በየገዳማቱ ያሉት ብራናዎች በኮምፒዩተር በሚነበቡበት ቀን፣ የተፋቀውን ስፍራ የሞላው ዐይን ይሁን ግምት ካልተጻፈበት፣ አንድ ጸሐፊ በአንድ ዘመን የለወጣት ቃል ሳትታወቅ ትስተካከላለች፤ ለታሪክ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናዋ ቃል እርስዋ ናት።

ከጥቅሉ ምን ተነበበ? አንባቢ እስካሁን በትዕግሥት የጠበቀው ይህን ሳይሆን አይቀርም። ደራሲው የኤጲቁሮስ ደቀ መዝሙር መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሊቃውንት ፊሎዴሞስ ራሱ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የሚነጋገርበት ጉዳይ ደስታ ነው። ጥቂት የሚገኝ ነገር ብዙ ከሚገኘው ይልቅ ደስ ያሰኛልን? በምግብ ረገድ ብርቅ ስለ ሆነ ብቻ ይበልጥ ይጣፍጣል ብለን ወዲያው እንደማናምን ይናገራል። ስለ ሙዚቃ ያነሣል፤ ስለ ምግብ ማጣፈጫም ያነሣል። በመጨረሻም ስለ ደስታ በጠቅላላው ሆነ በዝርዝር የሚናገሩት የላቸውም እያለ ባላጋራዎቹን ይነቅፋል። የዓለምን ታሪክ የሚለውጥ ነገር የለበትም። ነገር ግን ከተራራው ፍንዳታ በፊት በባሕር ዳር ቤት ተቀምጦ ስለ ምግብና ስለ ሙዚቃ የተከራከረ ሰው ድምፅ ያለ አንድ ገልባጭ ጣልቃ ገብነት በቀጥታ ወደ እኛ ደረሰ። ብርቅ ነገር ይበልጥ ያስደስታልን ሲል የጠየቀበት መጽሐፍ ራሱ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ብርቅ ሆኖ መቀመጡ ደራሲውን ሳያስቀው አይቀርም ነበር።

በኦክስፎርድ ከተቀመጡት ጥቅሎች አንዱ በ2025 ዓ.ም. ሌላ ደስታ ሰጠ። ቀለሙ ከሌሎቹ ይልቅ በራጅ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱንም ሊቃውንት በቀለሙ ውስጥ ክብደት ያለው ነገር ሳይኖርበት አይቀርም ብለው ገምተዋል። በመጀመሪያ ከተነበቡት ቃላት አንዱ «ዲያትሮፔ» የሚል ነበር፤ መጸየፍ ማለት ነው። ጥቂት ወራት ቈይቶ በጀርመን በቩርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች የመጽሐፉን ርእስ አገኙ፤ የፊሎዴሞስ «ስለ ክፉ ጠባዮች» የተባለው ድርሰት ነው። በጥንት ልማድ የመጽሐፍ ርእስ የሚጻፈው በፍጻሜው ሲሆን፣ ፍጻሜውም በጥቅሉ እምብርት ላይ ስለሚውል ከእሳቱም ከፈቺዎቹም ቢላዋ ይልቅ የተጠበቀው እርሱ ነው። ከተዘጋ የሄርኩላኒየም ጥቅል ላይ ርእስ ሲነበብ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በኔፕልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በመቶ የሚቈጠሩ ጥቅሎች ገና ተዘግተው ይገኛሉ። አሁን የቸገረው ቀለሙን ማግኘት አይደለም፤ የተጣበቀውን ገጽ ድርብ ከድርብ መለየት ነው፤ ይህንንም ኮምፒዩተር በራሱ እንዲፈጽመው ለማስተማር ብዙ ይደከማል። ከዚያም ቤቱ ራሱ አለ። በ1990ዎቹ በተደረገው ቁፋሮ ቤቱ ከዚያ በፊት ያልታወቁ የታች ፎቆች እንዳሉት ተገኝቷል፤ እነርሱም ገና በሙሉ አልተቈፈሩም። በዚያ የላቲን መጻሕፍት የተቀመጡበት ሌላ ክፍል ይኖራል ብለው ተስፋ የሚያደርጉ ሊቃውንት ቶሎ ይቈፈር ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከላይ ያለችው የዛሬዪቱ ኤርኮላኖ ከተማ ሰው የሚኖርባት ናት፤ የተቈፈረውም ጥገና ይሻል፤ አስቀድመን በእጃችን ያሉትን እናንብብ ይላሉ።